አንዲት ዶሮ ከእሁድ እስከ ማክሰኞ፦ ሳይባክን የማብቃቃት አሠራር

ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይኼ ነው፦ «ዶሮ ገዝቼ እሁድ ምሳ ላይ አለቀች። አንቺ እንዴት ነው እስከ ማክሰኞ የምታደርሻት?» በቃል መመለሱ ስለሰለቸኝ አሠራሩን ከነምክንያቱ ጻፍኩት።

ዋናው ነገር ዶሮዋን ሙሉዋን አንድ ድስት ውስጥ አለመክተት ነው። ጥሬዋን ሳለች ሦስት ቦታ ትከፈላለች። አንዱ ለወጥ፣ አንዱ በእጅ ለሚቦጫጨቅ ሥጋ፣ አንዱ ለመረቅ። አምስት ሰው ያለበት ቤት እሁድ ምሳ፣ ሰኞ ቁርስ፣ ሰኞ ራት፣ ማክሰኞ ራት ይበላባታል። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ማክሰኞ ማታ ድስቱ ባዶ መሆን አለበት። ለጤናም ይኼው ይሻላል። የበሰለ ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ በደህና የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ቀን ነው። ጾም የማይመለከተው ቤት እሁድን በሚመቸው ቀን ይተካ።

የምጽፈው ከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ መብራት ሳያስታውቅ ይሄዳል። ሁለቱንም አሠራሩ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ።

የትኛዋ ዶሮ ትሻላለች?

የትኛዋም ትሆናለች፤ የሚለያየው የመብሰያው ሰዓት ነው። ተነጭታ በረዶ ሆና የምትሸጠው የፈረንጅ የሥጋ ዶሮ ቶሎ ትበስላለች፣ መረቋ ግን ቀጭን ነው። የሐበሻ ዶሮ ሥጋዋ ትንሽ፣ ጣዕሟ ብዙ ነው። ሦስተኛዋ እንቁላል መጣል ያቆመችው ናት። አርቢዎች ሲያስወጧቸው ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፣ መረቋም ወፍራምና ቢጫ ነው። ግን ጠንካራ ናት። ፕሬዠር ካላችሁ እሷን ግዙ። ፕሬዠር ከሌላችሁ በዋጋዋ ያተረፋችሁትን ከሰሉ ይበላዋል።

ከነነፍሷ ስትገዙ ላባዋ እንዳይሸውዳችሁ ደረቷን ዳብሱ። መሀል ላይ ያለው አጥንት እንደ ቢላዋ ስል ሆኖ ከተሰማችሁ ሥጋ የላትም። ዓይኗ የፈዘዘ፣ አፍንጫዋ የረጠበ፣ ክንፏን የጣለች ከሆነች በነፃም ብትሰጣችሁ አትውሰዱ።

ዋጋ አልጽፍም፤ እስክታነቡት ይቀየራል።

የሚያስፈልገው

- 1 ዶሮ፣ ተነጭታና ተጸድታ 1 ኪሎ ከሩብ ገደማ
- ቀይ ሽንኩርት 2 ኪሎ
- ነጭ ሽንኩርት 2 ራስ፣ ዝንጅብል አውራ ጣት የሚያህል ሁለት
- በርበሬ 5 የሾርባ ማንኪያ
- መከለሻ 1 የሻይ ማንኪያ
- ንጥር ቅቤ 1 የሾርባ ማንኪያ ሞልቶ
- ዘይት 2 የቡና ሲኒ
- እንቁላል 5
- ካሮት 4፣ ጥቅል ጎመን ግማሽ፣ ቃሪያ 3
- ሩዝ 2 የውሃ ብርጭቆ
- ሽሮ 1 ብርጭቆ
- እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጨው፣ ሎሚ 2
- የቆየ እንጀራ 3 ወይም 4

ዕቃ፦ አንድ ትልቅና አንድ መካከለኛ ድስት፣ መጥበሻ፣ ወንፊት፣ ሁለት ሳፋ፣ ክዳን ያላቸው አምስት ዕቃዎች። ውሃ በማይመጣበት ቀን ከሆነ አንድ ሙሉ ጀሪካን አስቀድሙ። ጥሬ ዶሮ ነክቶ እጅ ሳይታጠብ ምግብ መሥራት የለም።

ደረጃ 1፦ ማጽዳት

የቀዘቀዘች ዶሮ ከሆነች ቅዳሜ ማታ ከበረዶ ቤቱ አውጥታችሁ ፍሪጁ ታችኛ መደርደሪያ ላይ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አሳድሯት። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አታሳድሯት። ውስጧ በረዶ ሆኖ ሳለ ላይዋ ሌሊቱን ሙሉ ሞቆ ያድራል፤ ባክቴሪያ የሚራባው እዚያ ነው።

ቤት የታረደች ከሆነች ከነጫችሁ በኋላ የቀረውን ጭገር እሳት ላይ ለብልቡት። ከዚያ ሳፋ ውስጥ በውሃ፣ በጨውና በሎሚ እጠቧት። የቧንቧ ውሃ በኃይል አትልቀቁባት። የሚረጨው ውሃ ጀርሙን ብርጭቆው፣ ሰላጣው፣ ፎጣው ላይ ያደርሰዋል። ሎሚው ሽታዋንና ዝልግልጉን ይወስዳል እንጂ ጀርም አይገድልም፤ የሚገድለው እሳት ነው። ስለዚህ አምስት ስድስት ጊዜ ማጠብ ንጽሕና አይጨምርም፣ ውሃ ይጨርሳል። ሁለት ጊዜ ይበቃል። ሎሚው ውስጥ ከ20 ደቂቃ በላይ አታቆዩአት፤ ላይዋ ነጭ ሆኖ ይደርቃል።

ያጠባችሁበትን ሳፋ፣ ቢላዋውንና መክተፊያውን ወዲያው በሳሙና እጠቡ። በዚያው መክተፊያ ቃሪያ መክተፍ የሆድ ሕመም መጋበዝ ነው።

ደረጃ 2፦ ሦስት ቦታ መክፈል

ቆዳዋን ገፋችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ አይጣልም። ከዚያ በልቷት።

*ለወጥ፦* ሁለት ቅልጥም፣ ሁለት ታፋ፣ ሁለት ክንፍ። እነዚህ ረጅም እሳት ይችላሉ፤ ቢቆዩም አይደርቁም።

*ለሚቦጫጨቅ፦* ፈረሰኛውና መላላጫዎቹ፣ ማለትም ደረቷ። የደረት ሥጋ ወጥ ውስጥ ብዙ ከቆየ ይደርቃል። መረቅ ውስጥ ለአጭር ጊዜ በስሎ ሲቦጫጨቅ ግን ከሩዝና ከጎመን ጋር ተቀላቅሎ አምስት ሰው ያጠግባል።

*ለመረቅ፦* ጀርባዋ፣ አንገቷ፣ የጎድን አጥንቷ፣ የክንፍ ጫፎቿ። እግሯን የምትጠቀሙ ከሆነ በፈላ ውሃ ነክራችሁ ቅርፊቱን ላጡና ጥፍሩን ቁረጡ። መረቁን የሚያወፍረው እሱ ነው።

ፈረሰኛው የግድ ለአባወራው ወይም ለእንግዳ የሚቀርብበት ቤት ካላችሁ አትጣሉበት። ፈረሰኛውን ወደ ወጡ፣ አንዱን ታፋ ወደ ሁለተኛው ክምር አዛውሩ። ሒሳቡ አይበላሽም።

ጉበቷን በትንሽ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሳችሁ ስትሠሩ ቅመሱት። አብሳይም ሰው ነው።

ደረጃ 3፦ መረቁን መጣድ

ከሁሉ በፊት የሚጣደው መረቁ ነው፤ ወጡም ሩዙም ሽሮውም ከሱ ይጠጣሉ።

1. አጥንቱን ትልቁ ድስት ውስጥ አድርጉና 3 ሊትር ተኩል *ቀዝቃዛ* ውሃ ጨምሩ። ከቀዝቃዛ ሲጀምር ደሙና ቆሻሻው ቀስ ብሎ ወጥቶ አረፋ ሆኖ ላዩ ላይ ይሰበሰባል። በፈላ ውሃ ከጀመራችሁ እዚያው ተበትኖ መረቁን ያደፈርሰዋል።
2. መፍላት ሲጀምር ግራጫውን አረፋ በጭልፋ ግፈፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል።
3. አንድ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ተከፍሎ፣ የታጠበ የካሮት ልጣጭ፣ የዝንጅብል ልጣጭና ጥቂት ቁንዶ በርበሬ ጨምሩ። የጥቅል ጎመን ቅጠል አትጨምሩ፤ ብዙ ሲፈላ ይሸታል። ጨውም አሁን አይገባም። መረቁ እየመጠነ ስለሚሄድ አሁን ልክ የሆነው ጨው ኋላ ይበዛል።
4. እሳቱን ቀንሱ። ላዩ እዚህም እዚያም ቡልቅ ቡልቅ ማለት አለበት። የሚንተከተክ ከሆነ ስቡ ከውሃው ጋር ተመትቶ መረቁ ነጭና ቅባታማ ይሆናል።
5. የደረቱን ሥጋ ለፈረንጅ ዶሮ መጨረሻው 25 ደቂቃ ላይ፣ ለሐበሻና ለአሮጊቷ አንድ ሰዓት ሲቀረው አስገቡ። በቢላዋ ስትሰነጥቁት እስከ መሀሉ ነጭ ሆኖ የሚወጣው ውሃ ጥርት ካለ በስሏል። አውጥታችሁ ለብ ሲል በእጅ ቦጫጭቁት።
6. መረቁን በወንፊት አጥልሉ። 10 ብርጭቆ ገደማ ይወጣችኋል። ካነሰ የፈላ ውሃ ሙሉበት።

የፈረንጅ ዶሮ አጥንት አንድ ሰዓት ተኩል፣ የሐበሻ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። በፕሬዠር ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ፕሬዠሩን ከሁለት ሦስተኛ በላይ አትሙሉት፤ እንፋሎቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣም ክዳኑን አትክፈቱ።

ኢንተርኔት ላይ «45 ደቂቃ» ተብሎ የተጻፈው እኛ ጋ ለምን አይሠራም የሚለኝ ብዙ ነው። እዚህ አካባቢ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሱሉልታ ያለው ሰው ጋ ደግሞ ዝቅ ይላል። እሳት ብትጨምሩም ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ። ስለዚህ ጊዜ ጨምሩ እንጂ እሳት አትጨምሩ። ፕሬዠር የሚያፈጥነው እንፋሎቱን አፍኖ የመፍያውን ሙቀት ከፍ ስለሚያደርገው ነው። የዶሮ ሥጋ ለጤና የሚያስፈልገው መሀሉ 74 ዲግሪ መድረስ ስለሆነ በዚያ በኩል ስጋት የለም። የሚዘገየው መለስለሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ቆዳውን ማቅለጥ

ቆዳውን ጣት በሚያህል ከትፋችሁ ቀዝቃዛ መጥበሻ ላይ፣ ዘይት ሳይነካው፣ በለስላሳ እሳት ጣዱት። መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ከዚያ ስቡ እየወጣ በራሱ ስብ ይጠበሳል። ድምፁ ሲቀንስና ቀለሙ ወርቅማ ሲሆን አውጡት። ስቡን በክዳን ዕቃ ፍሪጅ አስገቡ፤ የሰኞ ሩዝ ዘይት አይፈልግም። ጥርስ ላይ ኩርሽም የሚለውን ቁርጥራጭ ሩዙ ላይ ትበትኑታላችሁ፤ ልጆች ካልቀደሟችሁ።

ቆዳው ከመጣዱ በፊት በጨርቅ ይድረቅ። እርጥብ ከሆነ ስቡ ፊት ላይ ይረጫል።

ደረጃ 5፦ የእሁድ ወጥ

አንድ ቁጠባ እዚህ ጋ አለ፤ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ሽንኩርት ማቁላላት ከሁሉ በላይ ከሰልና ሰዓት የሚበላ ሥራ ነው። ስለዚህ ቁሌቱን ለወጡ ብቻ አትሥሩት። ቅቤና መረቅ ከመግባቱ *በፊት* ያለው ቁሌት የጾም ነው፤ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ብቻ። ከዚያ ላይ ሁለት ጭልፋ ለረቡዕ ምስር ቀንሱ። ይህ እንዲሆን የቆዳውን ስብ ቁሌቱ ውስጥ አትጨምሩ፤ ድስቱና ማማሰያውም ንጹሕ ይሁን።

1. 1 ኪሎ ከግማሽ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፉ። በመካከለኛ እሳት፣ ዘይት ሳይገባ፣ ደረቁን አቁላሉ። መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉ። 40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ አይሟሟም፤ ወጡም አይያያዝም።
2. ሽንኩርቱ ቅርፁን ሲያጣ ዘይቱን ጨምሩ፤ 5 ደቂቃ።
3. በርበሬውን ጨምሩ። ወዲያው ሩብ ብርጭቆ ውሃ ተከትሎ ይግባ፤ በርበሬ ደረቅ ዘይት ላይ ባፍታ ያርርና ወጡን ያመርረዋል። በለስላሳ እሳት 25 ደቂቃ እያማሰላችሁ ይብሰል። ጥሬ የበርበሬ ሽታው ጠፍቶ ዘይቱ ጠርዝ ላይ ሲወጣ ደርሷል።
4. ከተወቀጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሩቡን ለሰኞ አስቀሩና የቀረውን ጨምሩ፤ 5 ደቂቃ።
5. የረቡዕን ሁለት ጭልፋ አሁን ቀንሱ። ረቡዕ ድረስ ፍሪጅ ይቆያል። ክዳኑ ላይ «ጾም» ብላችሁ ጻፉ፤ አለዚያ ሰኞ ማታ አንዱ በእንጀራ ይጨርሰዋል።
6. ለቀረው 2 ብርጭቆ መረቅ ጨምሩ። የፈረንጅ ዶሮ ከሆነች ስድስቱን ብልት አስገብታችሁ 35 ደቂቃ አብስሉ። የሐበሻ ወይም አሮጊት ከሆነች ብልቶቹን ቀድማችሁ መረቁ ውስጥ አንድ ሰዓት ቀቅሉና ወደ ወጡ አምጡ። አለዚያ ሥጋው እስኪለሰልስ ቁሌቱ ያርራል።
7. ቅቤና መከለሻ መጨረሻው 10 ደቂቃ ላይ። ቀድመው ከገቡ ሽታቸው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፤ ብዙ ቅቤ የሚያስጨምራችሁም ይኼ ነው። ጨው አሁን ቅመሱና ጨምሩ።
8. ተቀቅለው የተላጡትን እንቁላሎች በቢላዋ ጫር ጫር አድርጋችሁ አስገቡ።

ስድስት ብልትና አምስት እንቁላል ለአምስት ሰው። አንድ ብልት ይተርፋል፤ እሱን ማን እንደሚወስደው እናንተ ታውቃላችሁ።

ድስቱን ጥረጉ እንጂ አትጠቡ። ሰኞ ቁርስ እሱ ውስጥ ነው።

ደረጃ 6፦ ማቀዝቀዝና ማስቀመጥ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ሌላውን ሁሉ በከንቱ ለፍቷል። የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ 2 ሰዓት ሳያልፈው ፍሪጅ መግባት አለበት። ግን ትኩስ ድስት እንዳለ አታስገቡ። መሀሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል፣ ጎን ያለውንም ያሞቃል።

መረቁን ከነድስቱ ሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጡና አማስሉት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የሳፋውን ውሃ አትድፉት፤ ወለል ይታጠብበታል። ከዚያ መረቁን ለሁለት ዕቃ ክፈሉ፣ አንዱ ለሰኞ አንዱ ለማክሰኞ። አንድ ላይ ካስቀመጣችሁት ሁሉንም ሁለት ጊዜ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ይመጣል። ፍሪጅ ውስጥ ላዩ ላይ የሚረጋው ስብ አየር ይከልልለታል፤ እስክትጠቀሙበት አታንሱት።

የወጡን ድስት ግን እንዳለ ክዳን ገጥማችሁ፣ ሲቀዘቅዝ አስገቡት። ትኩስ ነገር ፌስታል ውስጥ አታድርጉ፤ በተለይ ጥቁሩ ፌስታል ለምግብ የተሠራ አይደለም።

*መብራት ከጠፋ፦* የፍሪጁን በር አትክፈቱ። ሳይከፈት እስከ 4 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። 4 ሰዓቱ ሳያልፍ ያለውን አውጥታችሁ እስኪፈላ አሙቁና ወዲያው ብሉ፤ ካለፈ ሥጋውንና መረቁን ድፉት። መብራቱ መቼ እንደሄደ ካላወቃችሁት፣ ለምሳሌ ከሥራ ስትመለሱ የበረዶ ቤቱ ውሃ ወለሉ ላይ ከፈሰሰ፣ ሥጋውንና መረቁን ድፉት። ያንገበግባል፣ ግን ድፉት። ሽታው ደህና መሆኑ ማስረጃ አይደለም። የሚያሳምመው ባክቴሪያ ሁልጊዜ አይሸትም፤ አንዳንዱ የሚተወው መርዝ ደግሞ ብታፈሉትም አይጠፋም።

ደረጃ 7፦ ሰኞ ቁርስ፣ የድስት ፍርፍር

ወጡ የተሠራበትን ድስት ጣዱ። አንድ ጭልፋ መረቅ ጨምሩና በእንጨት ማንኪያ ታቹን ፋቁ። የያዘው ሁሉ ይለቃል፤ መረቁ ቀይ ይሆናል። *በደንብ ይፍላ።* ከዚያ እሳቱን አጥፍታችሁ የተቆራረጠ የቆየ እንጀራ ጨምሩና ሁለት ጊዜ ብቻ አገላብጡ። እሳት ላይ ካማሰላችሁት ይላቁጣል፤ እንደ ገንፎ ይሆናል።

ደረቅ እንጀራ ከሆነ መረቁን በእጥፍ። እንጀራው ላይ ሻጋታ ካያችሁ ግን የሻገተውን ቆርጣችሁ ቀሪውን አትጠቀሙ። ሻጋታው ዓይን ከሚያየው በላይ ገብቷል። መሻገት ሳይጀምር በፊት ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን ላይ ቆራርጣችሁ ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ድርቆሽ ሆኖ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ደረጃ 8፦ ሰኞ ራት፣ ሩዝ በጎመንና በዶሮ

የቆዳውን ስብ አቅልጡ፤ የቀረውን ሽንኩርት፣ የቀነሳችሁትን ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮቱንና ትንሽ እርድ ጨምሩ። የታጠበውን ሩዝ አስገብታችሁ ሁለት ደቂቃ አገላብጡ፤ ስቡ እያንዳንዱን ፍሬ ስለሚለብሰው አይያያዝም። 3 ብርጭቆ መረቅና 1 ብርጭቆ ተኩል ውሃ ጨምሩ። እሽጉ ላይ ከተጻፈው ትንሽ ይበልጣል፤ ምክንያቱ ያው ከፍታው ነው። ጨው አስተካክሉና ክዳን ግጠሙ፣ እሳት ቀንሱ። ውሃው ሊያልቅ ሲል በቀጭኑ የተከተፈውን ጥቅል ጎመንና የተቦጫጨቀውን ሥጋ ላዩ ላይ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ አፍኑት። ሥጋው እንፋሎት እስኪወጣው ይሙቅ። ቃሪያና ኩርሽሙን ቆዳ ስታቀርቡ።

ሩዝ ከተረፈ ውጭ አታሳድሩት። የበሰለ ሩዝ ውጭ ሲያድር ማሞቅ የማያጠፋው መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። ወዲያው ወደ ፍሪጅ፣ በማግሥቱም ለምሳ ዕቃ።

ደረጃ 9፦ ማክሰኞ ራት፣ ሽሮ በመረቅ

የቀረውን መረቅ አፍሉ፤ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። 1 ብርጭቆ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ዱቄቱን ደረቁን የፈላ መረቅ ላይ ከበተናችሁት ይጓጉላል። በለስላሳ እሳት 20 ደቂቃ ይብሰል። ቅቤ አይፈልግም፤ መረቁ ላይ የረጋው ስብ ሥራውን ይሠራል።

ትንሽ ልጅ ወይም የታመመ ሰው ካለ አንድ ብርጭቆ መረቅ ለብቻ ቀንሱና በአጃ ሾርባ ሥሩለት። መረቁ በወንፊት ያለፈ መሆኑን አረጋግጡ፤ የአንገት አጥንት ስንጥር ትንሽ ናት፣ አትታይም።

የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ለውሻ አትስጡ። ሲሰበር ስል ሆኖ አንጀቱን ይወጋዋል።

ማታውኑ ድስቶቹን በፈላ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ረቡዕ ያን ሁለት ጭልፋ ቁሌት በውሃ አፍልታችሁ 2 ብርጭቆ የታጠበ ምስር ክክ ጨምሩበት። 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሽንኩርት አልተከተፈ፣ ዓይን አላለቀሰ።

ፍሪጅ የሌለው ቤትስ?

በዚህ አሠራር ሦስት ቀን አይሄድም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ማታና ጠዋት ማፍላት የሚበቃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ በመሀሉ ግን ምግቡ ለብ ብሎ የሚቆይበት ሰዓት ረጅም ነው። ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛት። አንዷ ቤት ስድስቱን ብልት፣ ሌላዋ ደረቱንና አጥንቱን ትወስዳለች፤ በሚቀጥለው ትቀያየራላችሁ። ሁለተኛ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን መጠቀም፦ ምሳ ወጥ፣ ራት ሽሮ በመረቅ። መረቁ ከምሳ እስከ ራት የሚቆየው እሳት ላይ፣ እየጨሰ ነው። ላቀች ምድጃ ላይ ጥቂት ከሰል ይበቃዋል። ፍሙ ያለበትን ክፍል መስኮት ክፈቱ፤ የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

*መረቁ ውሃ ውሃ አለ።* ውሃ በዝቷል ወይም ቶሎ ወርዷል። ክዳኑን ከፍታችሁ ይምጠን። የመረቅ ኩብ ከጨመራችሁ ጨው አትጨምሩ፤ ኩቡ ራሱ ጨው ነው።

*ወጡ ጨው በዛበት።* ጥሬ ድንች ከትቶ ማውጣት ጨው አይመጥም፤ ጥቂት ፈሳሽ ይጠጣል እንጂ። የሚያድነው ጨው የሌለው መረቅ ወይም የተቀነሰ ቁሌት መጨመር ነው።

*ሥጋው ጠነከረ።* ጨርሶ አልበሰለ ይሆናል። የሐበሻ ዶሮ መሀል ላይ ይጠነክራል፣ ከቆየ ደግሞ ይለሰልሳል። ቀጥሉ። ደረቱ ከሆነ ግን አልፎበታል፤ ቀጭን ቦጫጭቃችሁ መረቅ አጠጡት።

*ፍርፍሩን ሁለት ጊዜ ማሞቅ።* የሞቀ ትርፍ ምግብ ዳግም ወደ ፍሪጅ አይመለስም። የምትበሉትን ብቻ ቀንሳችሁ አሙቁ።

*የቁሌቱን ዕቃ ከጥሬ ዶሮ በታች ማስቀመጥ።* ጥሬ ሥጋ ሁልጊዜ ታች፣ የበሰለ ላይ። ጥሬው ይንጠባጠባል።